በአንድ መርፌ ሦስት ዶዝ፦ ክትባትን ቀስ ብሎ የሚለቅ ቅንጣት አሠራር ከሀ እስከ ፐ

ሕፃኑ 6 ሳምንት ሲሞላው ፔንታቫለንት (አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለውን) ይከተባል። በ10 ሳምንቱ ይደገማል፣ በ14 ሳምንቱ ይሠለሳል። ካርዱ ላይ ሲታይ ቀላል ነው። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ግን (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ልጆች ውስጥ የመጀመሪያውን ዶዝ ያገኙት 73 ከመቶ ነበሩ፤ ሦስተኛውን ያገኙት 53 ከመቶ። መሐል ላይ የቀሩት ልጆች እናቶች ክትባት አንፈልግም ያሉ አይደሉም። አንዴ አዝለው መጥተዋል። ከዚያ አዝመራ ደረሰ፣ ወይ ወንዝ ሞላ፣ ወይ ስንት ሰዓት በእግር ተጉዘው «ዛሬ የክትባት ቀን አይደለም» ተብለው ተመለሱ።

ክትባትን ቀስ ብሎ የሚለቅ ቅንጣት እንሥራ የሚባለው ለእነዚህ ልጆች ነው። ሦስቱም ዶዝ በአንድ መርፌ ይገባል። አንዱ ወዲያው ይሠራል፣ የቀሩት ሰውነት ውስጥ በሚፈርስ ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ቁስ) ታሽገው ቀናቸውን ጠብቀው ይወጣሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሮበርት ላንገርና ጁዳ ፎክማን ፕሮቲን ከፖሊመር ውስጥ ለብዙ ቀን ቀስ እያለ ሊወጣ እንደሚችል ያሳዩት በ1976 ነው። በ1990ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ መርፌ የሚያበቃ የቴታነስ ክትባት ምርምርን ደግፏል። ገበያ ላይ ግን አልደረሰም። በሌላ በኩል በዚሁ ዓይነት ፖሊመር የተሠራው የፕሮስቴት ካንሰር መድኃኒት ሉፕሮን ዲፖ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1989 ነው። ምንድን ነው ልዩነቱ? የሉፕሮን ሞለኪውል ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ትንሽ ነገር ናት፣ ብትንገላታም ትችለዋለች። የክትባት ፕሮቲን ትልቅና የታጠፈ ነው። መታጠፊያው ከተበላሸ የሰውነት መከላከያ የሚያየው ሌላ ነገር ነው።

ይህን የምጽፈው በፋርማሲ፣ በባዮቴክኖሎጂ ወይም በኬሚካል ምህንድስና ለሁለተኛ ዲግሪያችሁ ይህን ርዕስ ለያዛችሁ ወይም ልትይዙ ላሰባችሁ ነው። እስከ መጨረሻው የምነዘንዛችሁ በአንድ ነገር ነው፦ ስንት ፕሮቲን ወጣ ከማለታችሁ በፊት የወጣው ደኅና ነው ወይ በሉ። የመልቀቂያ ግራፍ ማሳመር ከባድ አይደለም። ብዙ ሥራ ተሠርቶ ውሃ የበላው ግራፉ ሲያምር ፕሮቲኑ ሞቶ ስለወጣ ነው።

ከየትኛው ክትባት ልጀምር?

ከኩፍኝ አትጀምሩ። ሕያው ቫይረስ ነው፤ ለሟሟ፣ ለሙቀትና ለአሲድ አይሆንም። ቢሲጂም (የሳንባ ነቀርሳው ክትባት) ሕያው ባክቴሪያ ስለሆነ እንደዚያው ነው። መጀመሪያ እጃችሁን በርካሹ የከብት አልቡሚን (ከከብት ደም የሚወጣ ፕሮቲን) አፍታቱ፣ ከዚያ ወደ ቴታነስ ቶክሶይድ ሂዱ። ቴታነስ የሚመረጥበት ምክንያት አለው። ፕሮቲን ብቻ ነው፣ ጥሩ መለኪያ አለው፣ አይጥ ላይ በደንብ ይሠራል፣ ደግሞም በተግባር ብዙ ዶዝ የሚጠይቅ ክትባት ነው። በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት አምስት ጊዜ መወጋት ነበረባት፦ መጀመሪያ፣ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ፣ ከዚያ በዓመት በዓመት። እንዲህ ያለ ቀጠሮ ሳይጓደል መፈጸም ለማንም ከባድ ነው።

አንድ ጠባዩን ግን ቀድማችሁ እወቁ። ቶክሶይድ የሚሠራው የባክቴሪያው መርዝ በፎርማልዲሃይድ ተገርቶ ነው። ከዚያ የቀረ ቅሪት እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፣ ፕሮቲኑ ይጓጉላል። የላንገርና የክሊባኖቭ ቡድኖች ይህን በ1995 አሳይተዋል። ቅንጣታችሁ ውስጥ ያለው ሁኔታ ደግሞ በትክክል ያ ነው፦ 37 ዲግሪ፣ እርጥብ፣ ለሳምንታት።

ፖሊመሩ

ፒኤልጂኤን ምረጡ። ከላክቲክ አሲድና ከግላይኮሊክ አሲድ የተሠራ ነው፣ በውሃ ተሰባብሮ ወደ እነዚያው ይመለሳል፣ ሰውነት ያስወግዳቸዋል። የሚሟሟ የቀዶ ሕክምና ክር ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ስትገዙ ሦስት ነገር ታያላችሁ። የሁለቱ አሲዶች ድርሻ አንዱ ነው፤ 50 ለ50 የሆነው በአንድና በሁለት ወር ውስጥ ይፈርሳል፣ 75 ለ25 የሆነው ወደ አራትና አምስት ወር ይሄዳል። ሁለተኛው የሞለኪውሉ ክብደት ነው፤ በከበደ ቁጥር ይዘገያል። ሦስተኛው የጫፉ ዓይነት ነው፤ ጫፉ አሲድ ሆኖ የተተወው ውሃ ቶሎ ይስባል፣ ቶሎ ይፈርሳል፣ በኤስተር የተዘጋው ይቆያል። ለፔንታቫለንት ዓይነት ቀጠሮ በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት የሚለቁ ሁለት ዓይነት ቅንጣቶችን መቀላቀል ይሻላችኋል። ሁሉንም ነገር ከአንድ ቅንጣት መጠበቅ አያዋጣም። የመጀመሪያው ዶዝ እንደ ወትሮው የክትባትን ኃይል በሚያጠናክረው የአልሙኒየም ጨው ላይ ተለጥፎ አብሮ ይወጋ።

መጠኑም ይወስናል። ከ10 ማይክሮሜትር ያነሰውን ማክሮፋጅ የሚባሉት ሕዋሳት ይውጡታል፤ ክትባት ስለሆነ ይህ መጥፎ ነገር አይደለም፣ ግን ቀናችሁን አይጠብቅም። ትልቁ ቅንጣት የተወጋበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ይቆያል። በጣም ከተለቀ ደግሞ ሕፃን በሚወጋበት ቀጭን መርፌ አያልፍም።

አሁን ወደ ሥራው

ዘዴው ድርብ ኢመልሽን ይባላል፦ ውሃ በዘይት ውስጥ፣ ያ ደግሞ ተመልሶ በውሃ ውስጥ። ዘይት የምንለው እዚህ ጋ ፖሊመሩ የሟሟበት ዳይክሎሮሜቴን ነው።

ከአንድ ቀን በፊት ፒቪኤ (ፖሊቪኒል አልኮሆል፣ ጠብታዎቹ እንዳይጣበቁ የሚይዘው) አዘጋጁ። ፒቪኤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከጨመራችሁት ይጓጉላል፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ብታማስሉትም አይፈታም። ማማሰያው እየዞረ ቀዝቃዛው ውሃ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ነስንሱት፣ ከዚያ ወደ 85 ዲግሪ አድርሱት፣ ጥርት ሲል አውርዳችሁ ቀዝቅዞ አጥሩት። 1 ከመቶ ይበቃል።

በማግስቱ 200 ሚሊግራም ፒኤልጂኤ በ2 ሚሊሊትር ዳይክሎሮሜቴን አሟሙ። የመስታወት ዕቃ ተጠቀሙ፤ ፖሊስታይሪን ቱቦ ፊታችሁ ይቀልጣል። ፉም ሁድ (ትነት የሚስብ ሳጥን) ውስጥ ሥሩ። ተራው የናይትራይል ጓንት ዳይክሎሮሜቴንን የሚያቆመው ለደቂቃዎች ብቻ ነውና ከፈሰሰባችሁ «ጓንት አለኝ» ብላችሁ አትቀጥሉ፣ ወዲያው አውልቁት።

የፕሮቲኑን ውሃ 200 ማይክሮሊትር ጨምሩበት። ውስጡ ትሬሃሎዝ ወይም ሱክሮስ ይኑር፤ ስኳሩ ሲደርቅ ፕሮቲኑን ይይዘዋል። አልቡሚን አብሮ ቢገባም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ውሃውና ሟሟው የሚገናኙበት ገጽ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በቶክሶይዱ ፋንታ እሱ ይሸከማል። ከዚያ ዕቃውን በረዶ ውስጥ አስገብታችሁ በሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚያናውጥ መሣሪያ) አሥር ሰከንድ፣ አሳርፋችሁ እንደገና አሥር ሰከንድ። የሶኒኬተሩ ዘንግ መስታወቱን አይንካ። ወተት መስሎ አንድ ወጥ ሲሆን ደርሷል። ቆሞ ሁለት ቦታ ከተከፈለ አትቀጥሉ፣ ድገሙት።

አዲስ አበባ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር፣ የፈረንጅ ፕሮቶኮል ላይ ስለማታገኙት። ዳይክሎሮሜቴን ባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ40 ዲግሪ ገደማ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ወደ 32 ዲግሪ ይወርዳል። ሶኒኬተሩ በሰከንዶች እዚያ ያደርሰዋል። ስለዚህ በረዶው ለወጉ አይሁን፣ እውነተኛ በረዶና ውሃ አድርጉት፣ በየመሐሉ አሳርፉ። ሟሟው ቶሎ ስለሚተንም ቅንጣቱ ቶሎ ይደርቃል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ የተጻፈ ፕሮቶኮል የሰጠውን መጠንና የገጽ ቅርጽ ላይሰጣችሁ ይችላል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የማማሰያውን ፍጥነትና የክፍሉን ሙቀት ጻፉ፣ በዚያ አስተካክሉ።

ያንን ወተት መሳይ ነገር ወዲያው 10 ሚሊሊትር ፒቪኤ ላይ አፍስሳችሁ በሆሞጄናይዘር አንድ ደቂቃ ምቱት። ፍጥነቱ መጠኑን ይወስናል፤ በፈጠነ ቁጥር ያንሳል። ከዚያ 100 ሚሊሊትር ቀጠን ያለ ፒቪኤ ውስጥ ጨምራችሁ ፉም ሁድ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል ክፍቱን ይማሰል። ሟሟው ሲተን ጠብታዎቹ ይጠጥራሉ። ጠብታ አውጥታችሁ በማይክሮስኮፕ ተመልከቱ፦ ክብና ለስላሳ ከሆኑ መልካም ነው፣ ከተጣበቁ ገና ሟሟ አላቸው ማለት ነው። ሴንትሪፊውጁን አታክርሩት፤ ከመጠን በላይ ካዞራችሁት ደለሉ ድንጋይ ሆኖ አይበተንም። ሦስት ጊዜ በውሃ አጥባችሁ አቀዝቅዙና ፍሪዝ ድራየር ላይ አስገቡ።

እዚህ ጋ መብራት ይመጣል፣ ማለቴ ይሄዳል። ማድረቁ መሐል ላይ ከተቋረጠ በረዶው ይቀልጣል፣ ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ፣ በሚቀጥለው ቀን የምታገኙት ነጭ ዱቄት ሳይሆን የተኮማተረ ቂጣ ነው። ጀነሬተር ያለው መስመር ላይ አሰኩት። ለከብት ማዳቀያ የሚመረተውን ፈሳሽ ናይትሮጅን ማግኘት ከቻላችሁ ጥቂት አጠገባችሁ ይኑር፤ መብራት እንደ ጠፋ ብልቃጡን አውጥታችሁ መልሳችሁ ታቀዘቅዙታላችሁ። የተኮማተረውን ናሙና ግን «ያው ነው» ብላችሁ ወደ ቀጣዩ ሥራ አትውሰዱ።

ደረቁን ዱቄት አሽጋችሁ ከእርጥበት ማስወገጃ ጋር ከዜሮ በታች 20 ላይ አስቀምጡ። ፒኤልጂኤ ደረቅ ሆኖ እንኳ በ40ዎቹ ዲግሪዎች ላይ መለስለስ ይጀምራል፣ እርጥበት ሲያገኝ ከዚያም በታች። አፋር ወይም ጋምቤላ ያለ ጤና ኬላ የቀን ሙቀቱ ስንት እንደሆነ አስቡ። ይህ መርፌ ቀጠሮ ያስቀራል እንጂ ማቀዝቀዣ አያስቀርም፤ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚጽፉ አሉ፣ አትከተሏቸው።

የአሲዱ ነገር

ፖሊመሩ ሲፈርስ አሲድ ይሆናል ብያለሁ። አሲዱ ከቅንጣቱ ቶሎ አይወጣም፣ ውስጥ ይጠራቀማል። ውስጡን በምስል የተከታተሉ ሰዎች ፒኤቹ ከ3 በታች ሲወርድ አይተዋል። ቴታነስ ቶክሶይድ በ37 ዲግሪ እንዲህ ያለ ቦታ ለሳምንታት ተቀምጦ ደኅና ይወጣል ማለት ዘበት ነው። የሽዌንደማን ቡድን በ2000 ያቀረበው መላ ቀላልና ርካሽ ነው፦ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ። ለጨጓራ ማስታገሻ የምናውቀው ነው። በደንብ የማይሟሟ ቤዝ ስለሆነ ከፕሮቲኑ ጋር አብሮ ይታሸግና አሲዱ በመጣ ቁጥር ያረግበዋል። ከፖሊመሩ ክብደት 3 ከመቶ ያህል ጨምራችሁ ጀምሩ፣ አንድ ዙር ያለ እሱ ሥሩና አነጻጽሩ። የዚህ ሁሉ ሥራ ዋና ሙከራ ለእኔ ይኼ ነው።

መለካት

ከሁሉ በፊት የግማሽ ቀን ሙከራ አድርጉ። ፖሊመር ሳትጨምሩ ፕሮቲኑን ብቻ ከዳይክሎሮሜቴን ጋር ሶኒኬት አድርጋችሁ፣ ውሃውን መልሳችሁ፣ በኤላይዛ (ቅርጹ ያልተበላሸውን ፕሮቲን በአንቲቦዲ በሚለየው ምርመራ) ለኩት። እዚያው ግማሹ ከጠፋ ሦስት ወር የሚፈጅ የመልቀቂያ ሙከራ መጀመር ምን ያደርጋል? ስኳሩን፣ አልቡሚኑን፣ የሶኒኬተሩን ጊዜ አስተካክላችሁ ተመለሱ።

ቀጥሎ ስንት እንደታሸገ እወቁ። 10 ሚሊግራም ቅንጣት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድና በኤስዲኤስ (ሳሙና መሰል ነገር) አፍርሳችሁ በቢሲኤ (ጠቅላላ ፕሮቲንን በቀለም በሚያሳየው መለኪያ) ለኩ። ባዶ ቅንጣትም አብራችሁ ለኩና ቀንሱ። አልቡሚን ከጨመራችሁ ቢሲኤ ሁለቱን አይለይም፤ የቶክሶይዱን ድርሻ ከመጀመሪያው ቅልቅል ታሰላላችሁ። የቀረውን ዳይክሎሮሜቴንም በጋዝ ክሮማቶግራፊ አሳዩ፤ ለመድኃኒት የተፈቀደው ጣሪያ 600 ፒፒኤም ነው።

ለመልቀቂያው 20 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር ፒቢኤስ (ፒኤቹን የሚጠብቅ የጨው ውሃ)፣ ፒኤች 7.4፣ ጥቂት ትዊን 20 (እሱም ሳሙና መሰል) ጨምራችሁ፣ 37 ዲግሪ ላይ ቀስ እያለ ይዙር። በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው ቀን፣ ከዚያ በየሳምንቱ ፈሳሹን ቅዱና አዲስ ተኩ። ባክቴሪያ እንዳያድግ 0.02 ከመቶ ሶዲየም አዛይድ ይጨመራል፤ ግን አዛይድ የኤላይዛውን ፐርኦክሲዴዝ ያግደዋል። ናሙናውን ካላቀጠናችሁና ሳህኑን በደንብ ካላጠባችሁ ደኅናው ፕሮቲን የሞተ ይመስላችኋል።

እያንዳንዱን ናሙና በሁለት መንገድ ለኩ። ቢሲኤ ጠቅላላውን ፕሮቲን ይነግራችኋል፣ ኤላይዛው ደግሞ ቅርጹ ያልተበላሸውን ቶክሶይድ። ግራፉ ላይ ሁለቱንም መስመር አስቀምጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ተጠጋግተው ሄደው በአራተኛው ሳምንት ከተራራቁ አሲዱ እየሠራ ነው። መጨረሻ ላይ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ቅንጣት አፍርሳችሁ ለኩ፣ ሒሳቡን ዝጉ። 100 አሽጋችሁ 55 ወጥቶ 15 ቱቦው ውስጥ ከተገኘ 30 የት ገባ? ተጓጉሎ መለኪያችሁ የማያየው ሆኗል። ይህን ቁጥር አትደብቁት፣ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ብዙ ፕሮቲን ከፈሰሰ ገጹ ላይ የተለጠፈና በቀዳዳ የሚወጣ ነው። እንደ መጀመሪያ ዶዝ ያገለግላል የሚሉ አሉ። እኔ አልወደውም፤ ከዙር ዙር ስለሚለያይ ልትተማመኑበት አትችሉም።

በየቀጠሮው ይፍሰስ ወይስ በቀጭኑ ይንጠባጠብ?

ልማዳችን ሦስቱን መርፌ መምሰል ነው። ለዚህ የተመቸው በ2017 ከአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የወጣው «ሲል» (SEAL) የሚባለው ዘዴ ነው፦ ከፒኤልጂኤ ጥቃቅን ስኒዎች በቅርጽ ማውጫ ይሠራሉ፣ ክትባት ይሞላባቸዋል፣ ክዳን ተገጥሞ በሙቀት ይታሸጋል፣ ቀኑ ሲደርስ በአንዴ ይለቃሉ። ክትባቱ ሟሟ አይነካውም፣ ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ነው። ግን መሣሪያው ከባድ ነው።

በሌላ በኩል በ2016 አይጦች ላይ በተሠራ ጥናት መጠኑ ለቀናት በየጊዜው እያደገ የተሰጠ ክትባት ከአንድ ጊዜ መርፌ ከ10 እጥፍ በላይ አንቲቦዲ አስገኝቷል። በ2019 ዝንጀሮዎች ላይ በትንንሽ ፓምፕ ቀስ እያለ የተሰጠ የኤችአይቪ ፕሮቲንም የተሻለ ምላሽ ሰጥቷል። ሰውነት የሚያውቀው ኢንፌክሽን እያደገ የሚሄደውን ነው። ስለዚህ ቅንጣታችሁ በአንዴ ካልለቀቀ አትዘኑ፤ መጨነቅ ያለባችሁ መጀመሪያ ብዙ ፈስሶ ከዚያ እያነሰ ከሄደ ነው፣ ያ የተገላቢጦሹ ነው።

ወደ አይጥ ስትሄዱ

የሥነ ምግባር ፈቃዱን ቀድማችሁ ያዙ፣ ጊዜ ይፈጃል። ቅንጣትን በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ማጥራት አይቻልም፣ አውቶክሌቭ ያቀልጠዋል፣ ጋማ ጨረር ፕሮቲኑን ይጎዳል። ያላችሁ መንገድ እያንዳንዱን ፈሳሽ ለየብቻ አጥርታችሁ ከጀርም በጸዳ ቦታ መሥራት ነው። ኢንዶቶክሲንም (ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚቀር መርዝ) አስመርምሩ። የባክቴሪያ ቅሪት ራሱ የመከላከያ ሥርዓቱን ስለሚቀሰቅስ በቆሻሻ ምክንያት የመጣ ጥሩ ውጤት ሊያታልላችሁ ይችላል።

ከመውጋታችሁ በፊት ዱቄቱን በካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ በወፈረ ፈሳሽ በትኑት፤ በተራ ውሃ ከሆነ ሲሪንጁ ውስጥ ይዘቅጥና የመጀመሪያው አይጥ ምንም ሳያገኝ የመጨረሻው ሁሉንም ይወስዳል።

ቡድኖቹ ላይ አትቆጥቡ። አንዱ ቡድን ቅንጣቱን አንዴ ይውሰድ። አንዱ በአልሙኒየም የተለመደውን ክትባት በ0፣ በ4 እና በ8 ሳምንት ይውሰድ፤ ልታሸንፉ ወይም ልትስተካከሉ የሚገባው እሱን ነው። ሦስተኛው ያንኑ ጠቅላላ መጠን ያለ ቅንጣት በአንዴ ይውሰድ። ብዙ ሰው የሚዘለው አራተኛው ነው፦ ባዶ ቅንጣት ከነፃ ቶክሶይድ ጋር ተቀላቅሎ። እሱ ከሌለ ጥሩ ውጤት ቢመጣ እንኳ ቀስ ብሎ ስለለቀቀ ነው ወይስ ፖሊመሩ ራሱ ስላነቃቃ ነው ለሚለው መልስ የላችሁም። አምስተኛው ባዶ ቅንጣት ብቻ። ደም በየሁለት ሳምንቱ እስከ 12ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየወሩ እስከ 6 ወር ውሰዱ። በኤላይዛ የተገኘውን ቁጥር ቢያንስ በ12ኛው ሳምንትና በ6ኛው ወር ናሙና ላይ መርዙን በማምከን ምርመራ አረጋግጡ፤ መርዙን በእጃችሁ አትያዙ፣ ፈቃድና ልምድ ካለው ላቦራቶሪ ጋር ተስማምታችሁ ሴረሙን ላኩ።